ኮሶው ሥር ያለው ገብስ

ከፍላቂት ወዲህ፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእምነት፤

የምትኖሪበት አገር ቅዱሳን ከነባልሽ፣ ከነሆድሽ ይጠብቁሽ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እቀድሳለሁ፣ የተገኘውን እቀምሳለሁ። ከዚህ በላይ ስለ ጤናዬ የምለው የለኝም።

ደብዳቤሽን ሸዕባን ከጨው ጆንያው ውስጥ አውጥቶ ፍላቂት ገበያ ላይ ሰጠኝ። ወረቀቱ እስካሁን ጨው ጨው ይላል። ስልኩ ድርግም ብሎ ከጠፋ ወዲህ ይህ ነጋዴ ባይኖር ኖሮ እኔና አንቺ መኖር አለመኖራችንንም አናውቅም ነበር። በመኪና ግማሽ ቀን የማይፈጅ አገር እንዲህ ሩቅ ሆኖ ቀረ።

ለጠየቅሽኝ በየተራው ልመልስ። አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው፤ ውጊያው የእኛ ማሳ ላይ ነበር። አንደኛው ወገን ከላይ ከኪዳነ ምሕረት ኮረብታ፣ ሌላኛው ከታች ከወንዙ። መሐል ላይ የተገኘው የእኛ መሬት ነው። ማን አሸነፈ ላልሽኝ፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ የሚሄደውም የሚመጣውም ውኃ አጠጡን ይላል። ሲመቱ ከሁለቱም በኩል «እናቴን» ሲሉ ሰምቻለሁ።

እርከኑ ፈርሷል። እኔና ነፍሷን ይማርና እናትሽ ድንጋይ እየተቀባበልን የካብነውን ነቅለው ምሽግ ሠሩበት። የታችኛውን ማሳ ከዳር እስከ ዳር ቆፍረውታል፤ ጉድጓዱ ቆሞ ለሚሄድ ሰው ይበቃል። ያን ሁሉ አፈር ሲያወጡ አይቼ፣ ይህ ጉልበት እስከ ዛሬ የት ተቀምጦ ነበር ብዬ በጣም ተናደድኩ። ዳር ላይ የነበረው ባሕር ዛፍ ተጨፍጭፏል፤ የቀረችው ያቺ ኮሶ ብቻ ናት። በሬያችን ቦራም ሞቷል። በሽታ አይደለም፣ ጥይት ነው።

ደርበውን ጠይቀሻል። ወንድምሽ የተረፉትን ከብቶች ነድቶ ቆላ ወርዷል፣ ወደ አክስትሽ ወደ ሰብሌ አገር። እዚህ ጎረምሳ የተባለ ሁሉ በአንዱ ይታፈሳል፣ በሌላው ይጠረጠራል። መቼ እንደሚመለስ አላውቅም። እዚያ ይሻለዋል።

እንዳትመጪ። በዚህ መንገድ ነፍሰ ጡር አይሄድም። ደግሞም አታልቅሺ፤ የእናት እንባ ለሆድ ልጅ አይበጅም። እማሆይ አመተ ሥላሴ ከደጀ ሰላሙ ወረድ እያሉ ውኃ ይቀዱልኛል፤ ሰላም ብለውሻል።

አባትሽ ቄስ ገብረ ሚካኤል


ላሊበላ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ገብረ ሚካኤል፤

መስቀልዎን ከዚሁ ሆኜ ተሳልሜአለሁ፣ ጉልበትዎንም ስሜአለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሆዴ ግን ከእኔ ቀድሞ በር የሚገባ ሆኗል። ባለቤቴ ሚኪም ደህና ነው። ሸዕባን ግን አባትሽ ከስተዋል፣ ድምፃቸውም ዝግ ብሏል ብሎ አሳስቦኛል።

አታልቅሺ ብለውኝ አለቀስኩ። ለቦራ ነው ያለቀስኩት። ሚኪ «ለበሬ ነው እንዲህ?» ብሎ ሳቀብኝ። የከተማ ልጅ ስለሆነ አይፈረድበትም። ቦራ እኮ ስጠራው ቀና የሚል፣ ጨው ከእጄ የሚልስ በሬ ነው። ደርበው እንዴት ሆነ? እሱ ነበር እንደ ወንድሙ የሚያየው። ልቡ ተሰብሮ ይሆናል ቆላ የወረደው።

እኛ እንዳለን አለን። ሆቴሉ ዘበኛውን ብቻ አስቀርቶ ሁላችንንም አሰናበተን። የእንግዳ አንሶላ ማጠብ ናፈቀኝ ብል ያምኑኛል? እንግዳ የሚባል ከጠፋ ቆየ። ሚኪ ማስጎብኘቱን እንዳይረሳ እኔን ይዞኝ ይዞራል። ቤተ ጊዮርጊስን በእንግሊዝኛ ያስረዳኛል፣ እኔም እንደ ፈረንጅ አፌን ከፍቼ እሰማዋለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ስቀን ሽሮአችንን ልንበላ እንገባለን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ያ አጭበርባሪ ልጅዎ የመጀመሪያ ልጅሽን ስም የማወጣው እኔ ነኝ ብሎ ምሎልኛል። በራሱ እጅ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። ፊደሉ የዶሮ ጭረት ቢሆንም አነበዋለሁ። ሴት ከሆነች ምን፣ ወንድ ከሆነ ምን፣ አስቦ ይላክልኝ።

ሁለተኛ፣ የታችኛው ማሳ እንዲሁ ሜዳውን እንዳይቀር። ሲያገባ የሚያርሰው፣ ጎጆውን የሚቀልስበት እሱ ነው ብለው ሰጥተውታል። ያልታረሰ መሬት ለሌላ ይሰጣል የሚል ወሬ እዚህ ድረስ ይሰማል። ልጁ ከቆላ ሲመለስ መሬት አልባ ሆኖ እንዲጠብቀኝ አልፈልግም።

ልጅዎ እምነት


ከፍላቂት ወዲህ፣ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእምነት፤

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። በዓሉን አክብረን ዋልን። ደወል ግን አልደወልንም፤ ኮረብታው ላይ ያሉት ደወል ምልክት ነው ብለው ከልክለውናል።

ከስተዋል ብሎ ሸዕባን የነገረሽ ሐሰት አይደለም። ቄስ በሁዳዴ ካልከሳ መቼ ሊከሳ ነው? አሁን በዓለ ሃምሳ ገብቷል፤ ቀስ ብዬ እመለሳለሁ። ድምፃቸው ዝግ ብሏል ላልሽው ደግሞ፣ ሸዕባን ጆሮው ራሱ ደህና አይደለም።

የላይኛውን ማሳ አርሻለሁ። የቀረው አንድ በሬ ነው፤ ከጎረቤታችን ከአረጋ በሬ ጋር አቀናጅተን የእሱንም የእኔንም ተራ በተራ ጨረስን። ጥሩ ሰው ነው አረጋ፤ ወሬ ቢያበዛም።

የታችኛው ማሳ ግን ዘንድሮ ይረፍ። ጉድጓዱ አልተደፈነም። ያልፈነዳ ነገርም ሊኖርበት ይችላል። እኔም ደክሞኛል። ሦስት ምክንያት ሰጠሁሽ፣ አንዱ ይበቃሽ ነበር። መሬቱ ይወሰዳል የሚለውን ወሬ ተዪው፤ ማንም አይወስደውም። እዚያ መሬት ላይ ከእኛ የበለጠ መብት ያለው የለም።

ከቆላ የሚመጣ ሰው ስለሌለ የደርበውን ጽሑፍ ልልክልሽ አልቻልኩም። ስሙን አንቺው አውጪ፣ አለዚያም ሚኪ ያውጣ። ልጅ ስሙን ብዙ አይጠብቅም።

ከምንም በላይ ሆድሽን ጠብቂ። ለእኔ ስትዪ እህል ቅመሺ። ሌሊት ሌሊት ስለ አንቺ ነው የማስበው።

አባትሽ


ላሊበላ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ገብረ ሚካኤል፤

ጤናዎን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ይቆጡኛል፤ ሳይቆጡ ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

ከበላይዎ አልፌ ሠርቻለሁ። ለአያ አረጋ በሸዕባን በኩል ላክሁበት፤ የታችኛውን ማሳ በእኩል ይያዘው፣ ጉድጓዱን ይድፈን፣ ገብስ ይዝራ፣ ግማሹ ለእሱ ግማሹ ለእኛ። እሺ ብሏል። ብረት ለቃሚው ሲያስሰው ከርሞ የቀረ አደገኛ ነገር የለም ይላል። የእርሻ ሰው ስለሆነ እሱን አመንኩት።

እርስዎን ንቄ አይደለም። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ግን ደክሞኛል የሚለው ቃል ከልቤ አልወጣ አለኝ። አባቴ ደክሞኛል ብሎ አያውቅም። ከእናቴ ቀብር ማግስት እንኳ እርፍ ይዘው ነበር። ስለዚህ የደከመዎትን ነገር ከላይዎ ላንሳልዎት ብዬ ነው፤ ሌላ የምልከው ነገር ስለሌለኝ ነው።

ደግሞም ለደርበው ነው። ሲመለስ መሬቱ ዳዋ ለብሶ እንዳያገኘው። ገብስ ቆሞበት ቢያየው ደስ አይለውም? ይህቺን ብቻ ላድርግለት ብዬ ነው፣ ለሱ ያደረግሁለት ነገር የለኝም። ይቅር ይበሉኝና ይመርቁኝ። የመውለጃዬ ወር ተቃርቧል፣ ያለ ምርቃትዎ ማማጥ አልፈልግም።

ልጅዎ እምነት


ከፍላቂት ወዲህ፣ ሰኔ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእምነት፤

ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ምርቃቴን አስቀድሜ የጻፍኩት ኋላ እንዳይረሳኝ ነው።

አረጋ አርሷል፣ ዘርቷልም።

ኮሶው ሥር ያለችውን፣ ሁለት ሰሌን ብትዘረጊባት የምትሸፈነውን ቁራሽ ተዋት ብዬው ነበር። ለምን ሲለኝ «ብቻ ተዋት» አልኩት። አርጅቷል ብሎ ነው መሰለኝ ራሱን ነቀነቀና እሺ አለኝ። ከቅዳሴ ስወጣ ከኮረብታው ላይ ቁልቁል አየሁት፤ በሬዎቹ ኮሶው ሥር ደርሰው ሲዞሩ። ጮህኩ፣ አልሰማኝም። ሮጥኩ። ጠምጣሜ የት እንደወደቀ አላወቅሁም፣ ኋላ እማሆይ ናቸው ከቁጥቋጦ ላይ አንስተው ያመጡልኝ። ስደርስ ያቺን ቁራሽ ጨርሷት ነበር። «አባ፣ መሬት ለምን ይባክናል ብዬ ነው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ የተገለበጠውን አፈር በእጄ ፈተሽኩ።

ማረሻው የጥይት ቀለህና ስብርባሪ ብረት አወጣ። ከብረት በቀር ምንም አላገኘም። እግዚአብሔር ይመስገን።

አረጋን አልተቆጣሁም። አንቺንም አልተቆጣሁም፤ ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። ደብዳቤዬ ያጠረው ጉልበቴን አሞኝ ነው።

አባትሽ


ላሊበላ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤

እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉኝ! ወንድ ልጅ ወልጃለሁ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ መጣ። ሚኪ አዋላጇ «ወንድ ነው» ስትለው ድንጋጤው ገደለውና «አመሰግናለሁ»ን በእንግሊዝኛ ተናገረ። እስከ ዛሬ ጎረቤቱ ይስቅበታል።

ግንባሩ የእርስዎ ነው፣ ጆሮው የደርበው። እውነቴን ነው፣ ያቺ ወደ ውጭ ብቅ ያለችው የደርበው ጆሮ! ሳጠባው እሷን እያየሁ ብቻዬን እስቃለሁ።

ስም አልወጣለትም። ማሙሽ እያልን ነው። አጎቱ ካላወጣለት አላወጣም ብያለሁ፤ ሚኪ ጨቅጭቆኝ ጨቅጭቆኝ ተወው።

አባዬ፣ ስለ ማሳው የጻፉልኝ ልቤን አውኮታል። ለአንዲት ቁራሽ መሬት ይህን ያህል ሮጡ? ለምን ነገሩን ለአያ አረጋ በደንብ አላስረዱትም? ለእኔስ ለምን አልነገሩኝም? የተቀደሰ ነገር ነበረበት? የእናቴን ነገር ቀብረውበት ነበር? አጥፍቼ ከሆነ ይንገሩኝ፣ ይቅርታ ልጠይቅ። ያላወቅሁትን ጥፋት ግን እንዴት አድርጌ እጸጸታለሁ?

ክርስትናው በአርባ ቀኑ፣ ጳጉሜን ላይ ነው። በእርስዎ እጅ እንዲጠመቅ ነው ምኞቴ። ይምጡ። በቅሎ ይከራዩ፣ ከተሳላሚ ጋር ይምጡ፣ እንደምንም ይምጡ። ደርበውም ከቆላ በዚህ በኩል ይውጣና ተያይዛችሁ ኑልኝ። ሁለታችሁን ደጄ ላይ ባይ ሌላ ነገር አልለምንም።

ልጅዎ እምነት


ከፍላቂት ወዲህ፣ መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእምነት፤

እንኳን ማርያም ማረችሽ። እንኳን ዘመን አሸጋገረሽ። ደብዳቤሽን ቤተ ልሔሙ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት፤ ዲያቆናቱ ቄሱ ያለቅሳል ወይስ ይስቃል እያሉ አዩኝ። ሁለቱንም ነበር።

ለክርስትናው አልመጣሁም። ይቅርታሽን እለምናለሁ። ጫማዬን አጥልቄ፣ ስንቄን ይዤ ወጥቼ ነበር፤ ከበሩ ተመለስኩ። መንገዱ አይደለም ያስመለሰኝ፣ መንገዱ ለሽማግሌ ቄስ ያን ያህል አይከፋም። አራስ ቤት የሚገባ ሰው ደስ ያለው ፊት ይዞ ነው መግባት ያለበት። የእኔ ፊት ዘንድሮ እንደዚያ አይደለም። ስትጠነክሪ፣ ልጁም ሲጠና እመጣለሁ። እመጣለሁ ካልኩ እመጣለሁ።

ስለ ማሳው አንቺ ምንም አላጠፋሽም። የተቀበረ የእናትሽ ነገር የለም። ከዚህ በኋላ አትጠይቂኝ።

ገብሱ አምሯል። አረጋ በየሄደበት ይኩራራበታል። ኮሶው ሥር ያለው ደግሞ ከሌላው ስንዝር በልጦ፣ ጥቁር እስኪመስል ለምልሞ ቆሟል። አላፊ አግዳሚው ምን ቢያደርግበት ነው እያለ ይቆምና ያያል። አረጋ የእርሻዬ ጥበብ ነው ይላቸዋል። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በገደሉ አፋፍ ዞሬ ነው። ጠዋት ጠዋት ነፋስ ሲነሳ ግን ሲወዛወዝ ከቤት ይታየኛል። ልጄ፣ እጅግ መራራ ዓመት ነው።

የልጁን ጆሮ ሳሚልኝ።

አባትሽ


ላሊበላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤

ዛሬ በደስታ ነው የምጽፍልዎ። ሸዕባን ከአያ አረጋ የተላከ በሶ አመጣልኝ፣ ሚስቱ ቆልታ ፈጭታ፣ በአገልግል ጠቅጥቃ። እዚህ እህል ተወዷል፣ ጡቴም ደርቆብኝ ማሙሽ ሌቱን ሲያለቅስ ነበር የሚያድረው። በጥብጬ ጠጣሁት፣ በጨው አሽቼ በላሁት። እንዲህ ያለ የሚጣፍጥ በሶ በሕይወቴ አልቀመስኩም፤ የአገሬ አፈር አፍ ላይ ይመጣል። በሳምንቱ ጡቴ ሞላ! ልጄ ጠግቦ ተኛ። አዩ፣ ያቺ የተቆጡባት መሬት ልጄን አሳደገችልኝ። አሁንስ ታርቀናል?

አንድ ነገር ግን ግራ አጋብቶኛል። አያ አረጋ ለሸዕባን የነገረው ቃል እንዲህ ነው፦ «ይህ ለእምነትና ለደርበው ነው። ከራሱ ማሳ፣ ኮሶው ሥር ከበቀለው ከምርጡ ነው ያጨድኩለት። ደርበው ላሊበላ ተቀምጦ አገሩን ቢረሳም መሬቱ እንዳልረሳችው ይቅመስ።»

ደርበው ላሊበላ ነው? ሸዕባንን መልሼ ብጠይቀው፣ መንደሩ ሁሉ ደርበው ከእህቱ ጋር ነው ብሎ ነው የሚያውቀው አለኝ። እርስዎ ነዎት አሉ የነገሯቸው፣ በመጋቢት። ለወታደሮቹ ብለው ይሆናል፣ ይገባኛል። ግን ለአያ አረጋም? ለጎረቤት? እውነቱን ለእኔ ይንገሩኝ፤ ደርበው ጫካ ገብቷል? ከእነሱ ጋር ሄዷል? ቢሆንም አልቆጣውም፤ በሕይወት ይኑር እንጂ የፈለገበት ይሁን።

ልጅዎ እምነት


ከፍላቂት ወዲህ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእምነት፤

ለገና እመጣለሁ። ከተሳላሚዎቹ ጋር በእግሬ። እስከዚያ ምንም አትጠይቂኝ፣ ማንንም አትጠይቂ።

በሶው ከተረፈ አትንኪው፤ አስቀምጪው።

አባትሽ


ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ገብረ ሚካኤል፤

በሶው አልተረፈም።

ደብዳቤዎችዎን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግቼ ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብኳቸው። ለእኔ ቆላ ነው ይላሉ፣ ለመንደሩ ላሊበላ ነው ይላሉ። በሁለቱ መሐል የሚቀር ቦታ አንድ ብቻ ነው። ስም የማይልክ አጎት፣ የማይታረስ መሬት፣ ጠምጣሙን ጥሎ የሚሮጥ ቄስ። እኔ ደግሞ ለበሬ አለቀስኩ። እረሰው ብዬ የላክሁ እኔ ነኝ። ጣፈጠኝ ብዬ የጻፍኩም እኔ ነኝ። ያን ቀን ያጠባሁትን ወተት ከልጄ ሆድ መልሼ ማውጣት ብችል አወጣው ነበር። ሚኪ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል፤ ጥርሴን አመመኝ አልኩት።

አልጽፈውም። ያን ቃል እኔ አልጽፈውም፣ እርስዎም እንዳይጽፉት።

አባዬ፣ አይምጡ።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይነገርም። ለነፍሰ ጡር አይነገርም፣ ለአራስ አይነገርም። ጠብቀውልኛል፣ አውቄአለሁ፤ ብቻዎን ይዘውት ነበር ይህን ሁሉ ጊዜ። የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ቄስ ከፊት ሆኖ፣ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ ነው። እርስዎ ስንት በር እንዲህ አንኳኩተዋል? ልጅ ሆኜ ገና ሳይነጋ ነጠላዎን ሲያጣፉ ሳይ፣ ዛሬ የማን ቤት ይሆን እያልኩ ብርድ ልብሴ ውስጥ እገባ ነበር። አንድም ቀን የእኛ ቤት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ የሚያንኳኳው የእኛው ሰው ነዋ።

እንግዲህ የእኔን በር አያንኳኩ። እስካላንኳኩ ድረስ ወንድሜ ቆላ ነው፣ አክስቴ ሰብሌ ዘንድ ነው፣ ከብት ይጠብቃል። እኔ ነኝ ይምጡ፣ ይምጡ እያልኩ ዓመቱን የጨቀጨቅሁዎት። አሁን ደግሞ አይምጡ እላለሁ። ጉልበትዎን ይመምዎት፣ መንገዱ ይዘጋ፣ ወንዙ ይሙላ። ሦስት ምክንያት ይስጡኝ፤ አንዱም ይበቃኛል።

ልጄ ስም የለውም። አጎቱ ከቆላ ሲመለስ ያወጣለታል። ደርበውን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ እምነት


ነአኩቶ ለአብ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሚኪ፤

ይህን ወረቀት ሸዕባን ለአንተ ለብቻህ ነው የሚሰጥህ። እምነት እንዳታየው።

ከተሳላሚው ጋር እዚህ ደርሻለሁ፤ እግሬ ቢያብጥም ከእናንተ ቤት ቅርብ ነኝ። የእምነትን ደብዳቤ ሸዕባን መንገድ ላይ አገኘኝና ሰጠኝ። እዚህ ዋሻው ውስጥ፣ ከዐለቱ የሚንጠባጠበው ጸበል አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩት። አይምጡ ትለኛለች። ከተወለደች ጀምሮ ከለመነችኝ ሁሉ እንደዚህ የከበደኝ የለም። ልመለስ ብዬ ተነስቼም ነበር።

ግን ሚኪ፣ የእሷ ወንድም ቆላ ሊቆይ ይችላል፤ የእኔ ልጅ ያለ ፍትሐት አፈር ውስጥ ነው። ቦራን ከማሳው ሊያወጣ ሄዶ ነው፤ ተኩሱ ጋብ ሲል በሬው ታስሮ ቀርቷል ብሎ ከእጄ አምልጦ ወጣ። ጋብ ያለው ለጥቂት ነበር። ኮሶው ሥር አገኘሁት። ቤተ ክርስቲያን እንዳልወስደው ኮረብታው በወታደር ተይዞ ነበር። እማሆይ አመተ ሥላሴና እኔ እዚያው ቀበርነው፤ ጉብታ እንኳ አላደረግንለትም። ወታደሮቹ እላዩ ላይ ቆመው ጎረምሳው ልጅህ የት ነው፣ ከማን ወገን ነው ይሉኝ ነበር። ላሊበላ ነው አልኳቸው። ተዋጊ ነበር ተብሎ የሞተ ልጄ ቤት እንዳያስቃጥል፣ ወሬውም እምነትን ነፍሰ ጡር ሳለች እንዳያገኛት ለመንደሩም ያንኑ አልኩ።

የሰውን ሁሉ ልጅ የሸኘሁ ቄስ ነኝ፤ ለራሴ ልጅ ግን የደገምኩለት በሹክሹክታ ነው። ፍትሐት ደወል ይፈልጋል። የሚያለቅስ ይፈልጋል። ከእኔ ሌላ ያለችው እህቱ ብቻ ናት፤ እሷ ሳትሰማ ማንን አስለቅስለታለሁ? እኔ ነገ ብሞት ከእማሆይ በቀር ቦታውን የሚያውቅ ሰው የለም፤ አረጋም ለመጪው ክረምት መልሶ ያርሰዋል። ስለዚህ ልመናዋን ረግጬ እመጣለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታኝ፣ እሷም ትፍታኝ።

በዓሉን ላሳልፍላት አስቤ ነበር። ፊቴን ካየች ግን አብራኝ በዓል አትውልም።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ዛሬ ማታ ከሁነኛ ጎረቤቶቻችሁ ለሁለት ሽማግሌና ለልባም ሴቶች በዝግታ ንገር፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ደጃችሁ ይሰብሰቡ። ሴቶቹ ቀድመው ገብተው ከግራና ከቀኟ ይቀመጡ። ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር ካለ አውርደው። የተሳለ ነገር ከአጠገቧ አንሳ። ነጠላዋን እንዳትፈልግ ቅርብ አድርግላት።

ከሁሉ በፊት ግን ሕፃኑን ከእቅፏ ተቀበላት። አጥብቃ ትይዘው ይሆናል፤ ቀስ ብለህ፣ ላጫውተው ብለህ ተቀበላት። ከተቀበልካት በኋላ አንድ ጊዜ ሳል፤ እኔ ደጅ ቆሜ እሰማሃለሁ።

አባትህ ቄስ ገብረ ሚካኤል